የተጠገነው ምስክር

በአማን ከተማ ምዕራብ፣ በንጉሥ ሁሴን መናፈሻ የሚገኘው የንጉሣዊ አውቶሞቢል ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ዳግማዊ አብደላ ለአባታቸው ለንጉሥ ሁሴን መታሰቢያ እንዲሆን ብለው ነው። የዮርዳኖስ ነገሥታት የሆኑትን የሃሺማውያንን ዘመን ያዩ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች እያብለጨለጩ ተደርድረውበታል። በትርፍ ጊዜው አሮጌ ትንሽ ሞተር የሚያድስ ሰው ያንን ብልጭታ አይቶ ግቡ ይኸው ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ዝገቱን ገፍፎ፣ ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ ሞተሩን ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ማስመሰል። እኔ ግን ይህ ዓይነቱ እድሳት ከሚመልሰው የሚያጠፋው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዋናው ማስረጃዬ ስሙ ከአማን ጋር ከተሳሰረ ሰው ሞተር ይነሣል። የዓረቢያው ሎረንስ የሚባለው ቲ. ኢ. ሎረንስ በ1921 መገባደጃ የብሪታንያ ዋና ተወካይ ሆኖ አማን ተቀምጦ ነበር። ከተማይቱ ያን ጊዜ ከ1878 ጀምሮ የሰርካሲያ ስደተኞች የሰፈሩባት ትንሽ ቦታ ነበረች። ሜይ 13 ቀን 1935፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ቀን 1927፣ ሎረንስ በእንግሊዝ ዶርሴት ከቦቪንግተን የጦር ሰፈር ቴሌግራም ልኮ ብራፍ ሱፒሪየር በተባለ ሞተሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆች ላይ ደረሰ። እነሱን ላለመግጨት ሲያጥፍ ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሚያከራክረው አንድ ጥቁር መኪና ነው። ካችፖል የተባለ አሥር አለቃ ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ጥቁር መኪና በተቃራኒ አቅጣጫ ሎረንስን ስታልፍ አይቻለሁ አለ። ልጆቹ መኪና አላየንም አሉ። የአሟሟቱ ምርመራ ‹‹ድንገተኛ አደጋ›› በሚል ውሳኔ ተዘጋ፤ ተገድሏል የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሎረንስ የመጣው ከልጆቹ ኋላ ነበር። ከፊት የምትመጣ መኪና እሱ ዘንድ ሳትደርስ ልጆቹን ፊት ለፊት ማለፍ ነበረባት። በጠባብ የገጠር መንገድ ፊት ለፊት የመጣበትን መኪና ሳያይ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ይኖራል ብሎ ማመን ይከብዳል። ካችፖል የሞተሩን ፍጥነት በሰዓት ከ50 እስከ 60 ማይል ገምቶ ነበር። የሎረንስን ሕይወት የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ግን ሞተሩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደተቀረቀረ ተገኝቷል፤ በዚያ ማርሽ ከ38 ማይል በላይ አይሄድም።

ብረቱ ሰው ሊሰጠው ያልቻለውን ምስክርነት ሰጠ፤ ግን አንዴ ብቻ። ብራፍ ሱፒሪየሩ ኖቲንግሃም ወደሚገኘው ሠሪው ጆርጅ ብራፍ ተመልሶ ተጠገነ፣ ከዚያም ተሸጠ። ጂ.ደብልዩ. 2275 የሚለውን ታርጋ ይዞ ዛሬም አለ። ሌላ መኪና ነክቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ሊያሳይ ይችል የነበረው ጭረትና እጥፋት ግን በጥገናው ሄዷል። ጠጋኞቹ ክፋት አላሰቡም፤ የሠሩት ማንኛውም ጥሩ ጋራዥ የሚሠራውን ነው። የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ ማስረጃው የጠፋው በጥሩ ሥራ ነውና።

ብራፍ ግን ውድና ጥቂት ነው፤ በጠቅላላው ከ3,000 ትንሽ የሚበልጡ ብቻ ስለተሠሩ ሌላ የሚናገርለት ሰነድ አያጣም። ለትንሿ ሞተር ማን ይናገርላታል? በ1948 ለገበያ የቀረበችውን ባለ 123 ሲሲ ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም እንውሰድ። ንድፏ የጀርመኑ ዲ.ካ.ቬ. አር.ቲ. 125 ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሸናፊዎቹ በካሳ መልክ ተከፋፈለ። ሶቪየቶች ሠሩት፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ሠራው፣ ያማሃም በ1955 በመጀመሪያው ሞተሩ ተከተለው። እንግሊዞቹ ንድፉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠው የማርሽ መርገጫውን ወደ ቀኝ አመጡት፤ የአገራቸው ነጂ የለመደው በቀኝ እግሩ ነበርና። የመጀመሪያዎቹ ባንታሞች ፈዛዛ አረንጓዴ ሲሆኑ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ቴሌግራም አድራሾች የሚነዷቸው ግን ቀይ ነበሩ። እንግዲህ በአረንጓዴው ሥር ቀይ ቀለም ከታየ ያቺ ሞተር የማንን ደስታና መርዶ በየደጁ ስታደርስ እንደኖረች ይታወቃል። ቀለሙን እስከ ብረቱ የሚገፍፍ ሰው ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋዋል፤ በመቶ ሺዎች ከተሠሩት መካከል ለዚያች ለአንዷ ሌላ መዝገብ ማግኘት ዘበት ነው።

ሞተር ብስክሌት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል አይደለም፣ ሊነዱት የተሠራ ነው፣ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ዝገትም ከተተወ ታሪኩን ራሱን ይበላል። ነገር ግን ለመንዳት የሚያስፈልገውና ለዓይን የሚያስፈልገው የተለያዩ ናቸው። እንደ ባንታም ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ በሚነዳ ሞተር የክራንኩ የዘይት ላስቲክ ካረጀ አየር ይገባል፤ ነዳጁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም ግሎ ይነክሳል። ላስቲኩ ይቀየር። ጎማው፣ ካቦው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይቀየር። የነዳጅ ታንኩ ቀለም መፋፋቁ ግን ማንንም አይጥልም፤ በሰም ዝገቱን መግታት ይበቃል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ለሕንፃዎች ያስቀመጠው ደንብ፣ እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ላይ ይቁም የሚለው፣ ለትንሽ ሞተርም ይሠራል። ሌላው ተቃውሞ፣ ንብረቱ የባለቤቱ ነው፣ የወደደውን ይቀባ የሚል ነው። ይቀባ፤ ሳይፈታ ፎቶ ያንሣው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ሳይሞርድ ይጻፈው፣ ያወጣውን ዕቃ ወረቀት ለጥፎ በካርቶን ያኑረው። ይህ ከመብቱ ምንም አይቀንስበትም።

አማን በሰባት ኮረብቶች ላይ ተቆረቆረች ይባላል፤ ዛሬ ከዚያ በላይ ብትሰፋም ከጀበል አማን ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው መንገድ እንደ ጥንቱ ቁልቁለት ነው። የመጀመሪያዋ ባንታም ፍሬን ባለ 5 ኢንች ከበሮ ብቻ ነው። በዚያ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ አዲስ ያድርገው፣ ደጋግሞም ይፈትሸው፤ ታንኩን እንደተፋፋቀ ይተወው።