የተመላሹ ታሪክ፦ ከተጉለት እስከ ጅጅጋ

ቅኝታችን ከደብረ ብርሃን ይነሣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ የታየውን ብርሃን ምልክት አድርገው ከተማቸውን እዚያ ሲተክሉ፣ ግቢያቸው የጸሎት ብቻ ሳይሆን የብራናም ቤት ነበር፤ በንጉሡ ስም የሚጠራው መጽሐፈ ብርሃን የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከዘመናት በኋላ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ስትሆንም የጸሐፊው ደንብ አልተለወጠም። ጸሐፊ ስለ ጌታው ይጽፋል፣ ስለ ራሱ ግን ዝም ይላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ለጻፈውና ላስጻፈው ጸሎት ይለመናል፤ ከዚያ በላይ ስለ ራስ ማውራት ትዕቢት ነው። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የተወለዱትን የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዚህ ሥርዓት የመጨረሻው ታላቅ ፍሬ ናቸው።

ደንቡ መላላት የጀመረው ማተሚያ ቤትና የውጭ አገር ጉዞ ሲመጡ ነው። በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ መጫኛ ወደ ለንደን ከሄደው የመልእክተኞች ቡድን ጋር ተጓዙ፣ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1915 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አሳተሙ፦ የሌሎችን ሰዎች የሕይወት ታሪክ የሰበሰቡበትን መጽሐፍና ‹ወዳጄ ልቤ› የተባለውን ምሳሌያዊ ልቦለድ። የሕይወት ታሪክና ልቦለድ በዚህ አካባቢ መንታ ሆነው ተወለዱ ማለት ይቻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ‹አዲስ ዓለም› ደግሞ ለዘመኑ መሪ ገጸ ባሕርይ ሰጠው፤ አወቀ የሚባለው ወጣት ፓሪስ ተምሮ ይመለስና በተዝካርና በጋብቻ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። በአጭሩ ልቦለዱ የተመላሽ ታሪክ ነው።

ኅሩይ የፈጠሩትን ሰው ግን የሸዋው ተጉለት በሥጋ ወልዶት ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. እዚያው በሰያ ደብር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ወርደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ የ1888ቱንም የዐድዋ ዘመቻ በልጅ ዓይናቸው አዩት። ከድሉ በኋላ ሌዎንቲየፍ የተባለው ሩስያዊ ይዟቸው ሄደ፤ ፔተርስቡርግ ላይ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ኋላ ደግሞ በፈረንሳይና በእንግሊዝ እርሻ አጠኑ። ከዳቦ ቆሎ ወደ ሩስያ መኮንኖች ማዕድ የተሻገረ ልጅ ምን ሆኖ እንደሚመለስ መገመት አያዳግትም፤ ሁሉም ነገር ቶሎ እንዲለወጥ የሚፈልግ፣ ያም ባለመሆኑ የሚበሳጭ ሰው ሆነው መጡ።

የመንግሥት ሥራቸውን ዝርዝር ለታሪክ ባለሙያው እንተወው። ጅጅጋን ገዝተው ከተማዋን አቅንተዋል፤ ‹ፋቡላ› በሚባለው የአውሬዎች ኮሜዲያቸው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ዘመናዊ ቲያትር አቅርበው ግቢውን አስቆጥተዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የጃፓንን አርአያ ይዘው አርቅቀዋል፤ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟግተዋል። የጣልያን ጦርነት ሁሉንም ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ረጅም ስደት፣ ማዳጋስካር፣ ሲመለሱም ከቤተ መንግሥት ርቆ በሐረርጌ ሂርና የእርሻ ኑሮ ነው።

ያ ርቀት ለጽሑፋቸው በጃቸው። ኅሩይ እስከ መጨረሻው ከንጉሠ ነገሥቱ ሳይለዩ በ1931 ዓ.ም. መባቻ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ዐረፉ፤ ሹም ሆኖ ስለ ራስ በነፃነት መጻፍ አስቸጋሪ ነውና የሚያስቡትን ለአወቀ አናገሩት። ተክለ ሐዋርያት ግን ሹመቱም ፍርሃቱም ከኋላቸው ስለ ነበር ‹እኔ› ብለው ጻፉ። የመጽሐፋቸው ርእስ ‹ኦቶባዮግራፊ› መሆኑ ራሱ ይናገራል፤ ዛሬ ግለ ታሪክ የምንለው ነገር ያን ጊዜ እንግዳ ስለ ነበር እንግዳ ስም ይዞ መጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን በሹማምንት ላይ የሰጡት ፍርድ አይደለም፣ እሱ ከማንም ይጠበቃል። የሚገርመኝ ያ የገጠር ልጅ እናቱን፣ አገሩን፣ ቋንቋውን ሳይቀር ሲናፍቅ ማየት ነው። ዜና መዋዕል ይህን ዐይነት ናፍቆት የሚያስቀምጥበት ስፍራ አልነበረውም።

ቀጣዩ ምዕራፍ በራሳቸው ቤት ተጻፈ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ‹አርአያ›ን አሳተሙ፤ ጀግናው ፈረንሳይ እርሻ ተምሮ ይመለሳል፣ አገሩን ሊያገለግል ሲል እንቅፋት ይበዛበታል፣ የጣልያን ጦርነትም ይደርስበታል። አባትየውን የሚያውቅ አንባቢ ‹አርአያ ማን እንደ ሆነ አውቀዋለሁ› ቢል አልፈርድበትም፤ ሆኖም ልቦለድን እንደ ቤተሰብ መዝገብ ማንበብ ልጁን ይበድላል። እስካሁን ካየነው፣ አንድ ዐይነት ሕይወት ሦስት ጊዜ ተነግሯል፦ በኅሩይ በምናብ፣ በግርማቸው በልቦለድ፣ በተክለ ሐዋርያት በእውነት። ከዚያው ከተጉለት የወጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም የሹመትና የብዕር ጓደኝነት እንዳልተቋረጠ በ‹አልሞትኩም ብዬ አልዋሽም› አሳይተዋል፤ እሳቸው ያዘነበሉት ግን ከለውጥ ይልቅ ወደ ዓለም ከንቱነት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ መንገዱ ተገለበጠ። ተማሪው ይሄዳል፣ አይመለስም፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ለዚህ ዘመን ጥሩ ምስክር ነጋ መዝለቂያ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተወለደው ጅጅጋ ነው፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ያቀኑት ከተማ። ቀይ ሽብርንና የሶማልያን ጦርነት አልፎ ካናዳ ደረሰ፤ ልጅነቱንም ‹የጅብ ሆድ ማስታወሻ› ልንለው በምንችል ግለ ታሪክ ተረከ፣ ከዚያ ወደ ልቦለድ ተሻገረ። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ ሸዋዎቹ ከልቦለድ ወደ ‹እኔ› ለመድረስ የአንድ ትውልድ ጊዜ ሲወስድባቸው፣ እሱ ከ‹እኔ› ጀመረ። ግለ ታሪኩ በ1993 ዓ.ም. የካናዳን የአገረ ገዢ ሽልማት አገኘ። በ1969 ዓ.ም. ያረፉት የተክለ ሐዋርያት ግለ ታሪክ በዚያን ጊዜ ገና የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለመታተም ስድስት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።