በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የጦርነት ትርጉም እንዴት እንደ ተለወጠ

ስለ ጦርነት የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታቱንና የጦር መሪዎቹን ሥራ፣ የውጊያውን ዕለትና የድሉን ባለቤት ይመለከታል። ሕዝቡ ጦርነትን ምን ብሎ እንደሚያየው፣ አስተያየቱም ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደሚለወጥ ግን ብዙ ጊዜ በጐን ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን በሰሜን ሸዋ ደጋ ምሳሌነት ለመመልከት ይሞክራል።

የመንዝ ደጋ የሸዋ መሳፍንት መነሻ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ከዚሁ አገር ተነሥተው ኃይላቸውን ካደላደሉ በኋላ የሸዋ ገዢነት በዘራቸው ጸንቶ ኖሯል። በእነዚህ መሳፍንት ዘመን ጦርነት ማለት በይበልጥ ዘመቻ ማለት ነበር። ዘመቻም ወራት ነበረው፤ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጐድል ዐዋጅ ይነገራል፣ ባላገሩም ስንቁን አዘጋጅቶ፣ ጋሻና ጦሩን ይዞ ይከታል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1806–1840 ዓ.ም.) በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይዘምቱ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍም በ1832 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ ወጥቶ ያየውን ጽፏል። ለዘማቹ ዘመቻ የማዕርግ፣ የምርኮና የስም መንገድ ነበር። ከብቱ ለተነዳበትና ጐተራው ለተቃጠለበት ለጐረቤት የኦሮሞ ሕዝብ ግን ያው ዘመቻ ጥፋት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ይህ አስተያየት በቋንቋው ውስጥ ታትሞ ቀርቷል። ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር መሪ፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው ማለት ነው፤ ኋላ ግን እነዚህ የጦር ስሞች አገር ለሚያስተዳድርና ዳኝነት ለሚያይ ሰው ሁሉ የሚሰጡ ማዕርጎች ሆኑ። የሰላሙ ሥርዐት ራሱ በጦር ሰፈር አምሳል ይታሰብ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ጦርነት አንድ የታወቀ መውጫ በር ነበረው፤ እርሱም ዕርቅ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊታቸውን ይዘው ሸዋ በገቡ ጊዜ ካህናት በመካከል ገብተው ነገሩ በመጋቢት ወር በልቼ በስምምነት ተፈጸመ። ምኒልክም እንደ ልማዱ ድንጋይ ተሸክመው ገብተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የተደረገው ውጊያ ብዙ ደም የፈሰሰበት ቢሆንም፣ ድሉ በአንድ ቀን ለየ፤ የተሸነፉት ንጉሥ ሚካኤልም ተማርከው በሕይወት ቆዩ። የሚዋጋው የታወቀ፣ ሜዳው የታወቀ፣ እጅ የሰጠም ሰው ምሕረት ተስፋ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የኢጣልያ ወረራ ይህን ሁሉ ለወጠው። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም የሸዋ መሪዎች ተቃውሞውን በመንዝ፣ በመርሐ ቤቴና በአካባቢው ሲያካሂዱ፣ ጦርነቱ ወራትም ሜዳም አልነበረውም። እህል የሚፈጭ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ወሬ የሚያደርስ ሁሉ ተዋጊ ሆነ፤ ጠላትም ሁሉን እንደ ተዋጊ ቈጠረው። ቃላቱም አብረው ተለወጡ። ቀድሞ ማናቸውንም ጀግና ተዋጊ ያመለክት የነበረው «አርበኛ» ለወራሪው ያልተገዛ ሰው መጠሪያ ሆነ፤ ከኢጣልያንኛ የመጣው «ባንዳ» ደግሞ የጭፍራ ስም መሆኑ ቀርቶ የከዳተኛ ስድብ ሆነ።

የለውጡ መራራ ምስክር በመንዝ አገር በዘረት የሚገኘው ዋሻ ነው። ዋሻና አምባ ከጥንት ጀምሮ የሰውና የንብረት መሸሸጊያ ነበሩ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ጦር ከአርበኞች ጋራ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የተጠለሉበትን ይህን ዋሻ ከቦ በመርዝ ጋዝ መታው። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው፣ ኢጣልያም የተቀበለችው ውል በጦርነት የመርዝ ጋዝን ይከለክል ነበር። እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶችም ተረሸኑ። በልቼ ድንጋይ ተሸክሞ የገባው ንጉሥነቱ ሲጸናለት፣ በዘረት እጁን የሰጠው ተገደለ፤ የዕርቁ በር ተዘጋ።

በ1998 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ወደ ዋሻው በገቡ ጊዜ የሰው ዐፅም በስፍራው ነበር፤ ኋላ የተደረገው ጥናትም የእህል ማኖሪያና የሸክላ ዕቃ ቅሬታ መዝግቧል። ይህ የጦር ሰፈር ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ኑሮ ቅሬታ ነው። ፉከራና ቀረርቶ ጀግናውን በአባቱና በፈረሱ ስም ያነሣል፤ በዋሻ ውስጥ ከልጇ ጋራ ለሞተች ሴት ግን የፉከራ ልማድ ስፍራ አላዘጋጀላትም።

ነገሩ ያለፈ ብቻ አይደለም፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል። ስለዚህ በዚህ አገር የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ «ማን ተዋጋ? ማን አሸነፈ?» ብሎ ብቻ ሳይወሰን፣ ማን ዱቄት እንደ ተሸከመ፣ ማን እንደ ተሸሸገ፣ ማን ሳይቀበር እንደ ቀረ ሊጠይቅ ይገባዋል። የሟቾቹ ስም በዘመዶቻቸው ቃል ይገኝ እንደ ሆነ መፈለግ የጀግኖቹን ክብር አይቀንስም፤ የጦርነቱን ታሪክ ግን ሙሉ ያደርገዋል።