ድርቅ የምትባለዋ ቃል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለረሃብ ግን መልአክ ስም ሲያወጣለት አላየሁም፤ ስም ሲያወጣለት የኖረው መንግሥት ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት «ድርቅ» ስለምትባለዋ ቃል ነው። ተራ ቃል ናት። እንጀራ ይደርቃል፣ ልብስ ይደርቃል፣ ምንጭ ይደርቃል። ዜና ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ሥራ ተሰጣት።

ይህን ሥራዋን ለማየት ከዋግ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሰቆጣና ዙሪያዋ፣ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ፣ ዝናብ ቶሎ የሚሸሽበት፣ አፈሩ የሳሳ አገር ነው። በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ክፉኛ ተራቡ። የአገራችንን ረሃብ ያጠኑት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመዘገቡት ታሪክ አለ። የፖሊስ ሪፖርት በኅዳር ወር አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ወሬው ንጉሡ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ቀን ያለቀው ከሰቆጣ አዲስ አበባ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ አዲስ አበባ ነው! በመጨረሻ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ሚኒስቴሩ የወሎ ሹማምንትን የጠየቀው የሟቾቹን ስም ዝርዝር ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ እንደገና አለቀ። ያኔም ዝም ተባለ። ዝምታውን የሰበረው በጥቅምት 1966 የታየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ያኔ «ረሃብ» የምትለው ቃል በአደባባይ ተነገረች፤ ተከሳሹም ታወቀ።

አሥር ዓመት እንለፍ። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ 10ኛውን የአብዮት በዓል ስታከብር፣ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ይጓዝ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም አሳየ። የእኛ ዜናስ ምን አለ? «በድርቅ የተጎዱ ወገኖቻችን»። የዚያን ዘመን ሰው ይህን ሐረግ በቃሉ ያውቀዋል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ» እል ነበር። እስቲ እዚህም እንፈልገው። «ተጎዱ»፤ ማን ጎዳቸው? ድርቅ። ድርቅን ማን አመጣው? ሰማይ። ሰማይ ደግሞ አይከሰስም። ረሃብ ብትሉ ግን ጥያቄ ይከተላል፦ ጎተራው የት ሄደ? መንገዱን ማን ዘጋው? ጦርነቱስ? አዎ፣ ዝናብ ጠፍቷል። ነገር ግን በሰሜን የነበረው ጦርነት እህል እንዳይንቀሳቀስ አድርጓል። «ድርቅ» ያንን ሁሉ ሸፈነችው። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ የትናንቱ መንግሥት ረሃብ ይሆንበታል፣ የዛሬው ድርቅ ይደርስበታል።

ቃል አጥተን እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ጠኔ አለው፣ ረሃብ አለው፣ ችጋር አለው። ድርቅስ አውስትራሊያም ይደርሳል፤ እዚያ ግን ገበሬው ልጁን አይቀብርም። አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ በዚያው በረሃቡ ጊዜ ከወሎ እህል እየተጫነ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ገበያው እህል አላጣም፤ ገበሬው ነው መግዣ ያጣው። ይህን ሰማይ አላደረገውም።

ነገሩ አላረጀም። በ2016 ዓ.ም. በትግራይና በአማራ ክልሎች ሰው ሲቸገር፣ ዋግም ውስጥ ማለት ነው፣ ያው ክርክር ተመልሶ መጣ፦ ድርቅ አለ፣ ረሃብ ግን የለም። ከዚያ ቀደም፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎት ነበር። ጥሩ ስም ነው። ሰቆጣ ለቃል ኪዳን ስሟን ካዋሰች፣ የሚደርስባትም በስሙ ሊጠራላት ይገባል።

ዜና ጸሐፊ ወዳጆቼ፣ «ድርቅ» ስትጽፉ ብዕራችሁን ጥቂት ያዝ አድርጉትና ሰውየው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ማሳው ከሆነ የደረቀው፣ ድርቅ በሉት። ሰውየው ከሆነ የደረቀው፣ ተርቧል በሉ። ስሙ ሲዘገይ እህሉም ይዘገያል፤ 302 ቀን ደግሞ ለተራበ ሰው ረጅም ነው።