ኮሮና ያራዘመው ምርጫ

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ ሕዝቡን ግን ቤት አልቆለፈበትም። የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ የሚለቅም ሰው ቤትህ ዋል ቢባል ምን ይበላል? በዚህ መንግሥት ልክ ነበር።

ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ለነሐሴ የተቆረጠው አገራዊ ምርጫ ተራዘመ። የምክር ቤቱ ዘመን አልቆ ምርጫ ከሌለስ? ሕገ መንግሥቱ በግልጽ አይናገርም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 በትርጉም የሥልጣን ዘመኑን አራዘመ። የትግራይ ክልል አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 ለብቻው ምርጫ አካሄደ። ጠቡ ከኮሮና በፊትም ነበር (ይህን መካድ አይቻልም)፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንዱ ሌላውን ሕገወጥ ይለው ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሣ። አገራዊው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ ትግራይ ውስጥ ድምፅ የሰጠ ሰው አልነበረም።