ሞት፥ ዕረፍትና ርስት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ዲማይዝ» የሚባል ቃል አለ። ዛሬ ጋዜጣ አንባቢው የሚያውቀው «ሞት» በሚለው ትርጕሙ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ሲነሣ ሞትን የሚያመለክት አልነበረም። ሥሩ በላቲን «ማሰናበት፥ መልቀቅ» ማለት ሲሆን፥ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝ የሕግ ቋንቋ ገባ። በዚያም መሬትን በኪራይ ወይም በኑዛዜ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ማለት ሆነ። ቀጥሎም የመንግሥት ሥልጣን ከሟቹ ንጉሥ ወደ ወራሹ ማለፉ በዚሁ ቃል ተጠራ። ተራው ሰው ሲሞት ይነገርለት የዠመረው የኋላ ኋላ፥ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እንግዲህ ቃሉ ከእርሻ መሬት ተነሥቶ፥ በዙፋን በኩል አልፎ፥ ወደ መቃብር ወረደ።

ይህን ቃል ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል ምን እንላለን? «ሞተ» ከግዕዝ ጋራ አንድ የሆነ፥ በዕብራይስጥና በዐረብኛም ወንድሞች ያሉት ጥንታዊ ቃል ነው። ይሁን እንጂ በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና በኩል፥ ጨዋ ሰው ስለ ከበረ ሽማግሌ ሲናገር «ሞቱ» ለማለት አፉ አይደፍርም፤ «ዐረፉ» ይላል እንጂ። ይህም ስንክሳር ስለ ቅዱሳን ፍጻሜ ሲናገር «አዕረፈ» ከሚለው ጋራ አንድ ነው። በሰዋስው «ዐረፍተ ነገር» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ነገሩ የሚያርፍበት ማለት ነውና። ተማሪዎቻችን በየቀኑ እየጻፉት ይህን ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው።

ነገር ግን «ዐረፈ» ስለ ሟቹ ብቻ ይናገራል፤ ስለሚቀረው ነገር ዝም ይላል። ለዚያ ያለን ቃል «ኑዛዜ» ነው። «ናዘዘ» በግዕዝ «አጽናና» ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ «ተናዘዘ» ኀጢአትን ለነፍስ አባት መንገርም፥ ንብረትን ለወራሽ ማስተላለፍም ሆኗል። ሕመምተኛው ካህኑን አስጠርቶ ስለ ነፍሱም ስለ በሬውም በአንድ አልጋ ላይ ይናገራል፤ ቋንቋውም ሁለቱን አልለያቸውም። ካረፈ በኋላ የሚደረግለት ጸሎት ደግሞ «ፍትሐት» ይባላል፤ ይኸውም መፍታት፥ መልቀቅ ማለት ነው። ከላቲኑ ሥር ጋራ ምንም ዝምድና ሳይኖረው በአሳብ ተገናኘ።

ስለ ዙፋን የሆነ እንደ ሆነ፥ በጥር ወር 1893 ዓ.ም. የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዐረፉ፤ በዚያው ጥር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያም ዐረፈች። በእንግሊዝ ሀገር ዘውዱ ያን ጊዜውኑ ወደ ልጅዋ አለፈ። በዚያው በአውሮፓውያን 1901 ዓመት የወጣው ሕግም፥ በቀድሞው ልማድ በንጉሥ ሞት ሹመታቸው ይፈርስ የነበሩትን ሹማምንት በያሉበት አጸናቸው፤ የሕጉም ስም ይህንኑ ቃል የያዘ ነው። በጎጃም ግን የንጉሥነቱ ማዕርግ ከባለቤቱ ጋራ ተቀበረ። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ያነገሧቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ሲያርፉ ግን ዐፄ ምኒልክ አገሩን ከፋፍለው ለሹማምንት ሰጡት። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ኋላ ጎጃምን ቢገዙም ንጉሥ አልተባሉም፤ እስከ ተሻሩበት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ራስ ነበሩ።

በሀገራችን ዐዋጅ ነጋሪው «የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ» ሲል፥ «ዲማይዝ» የሚለውን ሁሉ በአራት ቃል ተናግሮታል ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን ዐዋጁ የሚነገረው ወራሹ በጸና ጊዜ ነው። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ፥ ነገሩ ሳይነገር ተሸሸገ። በገጠርም መርዶ ነጋሪው ዘመዱን «ታሟል» እያለ መንገድ ያስጀምረዋል፤ ቤተ መንግሥቱ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የጎጃም ገበሬ ግን ከዙፋኑ ይልቅ የሚያስጨንቀው ርስቱ ነበር። «ርስት» ከ«ወረሰ» የወጣ ቃል ነው። ባለርስቱ መሬቱን የሚቈጥረው ከአቅኚ አባት እየወረደ እንደ መጣ የትውልድ ድርሻ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ሞት ርስቱን አያቋርጠውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ሲወጣ በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት ሕዝቡ የተነሣው ብሩ በዝቶበት ብቻ አይመስለንም። መለካትና መመዝገብ ርስትን ወደ መንቀል የሚያደርስ መስሎ ስለ ታየው ነው። ይህን ፍርሀት የድንቍርና ፍሬ ብለው የናቁት ባለሥልጣኖች የቃሉን ክብደት አልመዘኑትም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። «ርስት» ከሕግ ወጣ፤ ዛሬ በገበሬው ደብተር ላይ የሚነበበው «ይዞታ» የሚል ነው። መሸጥ ክልክል ነው፤ ሆኖም በክልሉ የመሬት ሕግ ባለይዞታው መብቱን በኑዛዜ ለማስተላለፍ፥ ለተወሰነ ዘመንም ለማከራየት ይችላል።