ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ ቀለብ የማግኘት መብት፦ ለሐዋሳ ነዋሪዎች የቀረበ የሕግ ማብራሪያ

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ በርካታ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ ስቧል። ከቤተሰብ ርቀው የሚኖሩ ወጣቶች ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ ልጅ ሲወልዱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ልጁ ቀለብ የማግኘት መብት አለው ወይስ የለውም የሚል ነው።

መብት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቀለብ የሚጠየቀው በልጅነት እንጂ በወላጆቹ ጋብቻ አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ በአመዛኙ የሚያርፈው አባትነትን በማስረዳት ላይ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት አንቀጾች በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ናቸው። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ሲሆን፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል የራሱን ሕግ በ1996 ዓ.ም. አውጥቶ ነበር። በመሆኑም በሐዋሳ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው በሲዳማ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠራበትን አንቀጽ አጣርቶ መጥቀስ ይኖርበታል።

በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም ልጅ በተመሳሳይ ግምት ይጠበቃል (አንቀጽ 130)። አብሮ መኖሩን የሚያውቁ ጎረቤቶችና አከራዮች እንደ ቀላል ነገር የሚታዩ ምስክሮች አይደሉም። አብረው ያልኖሩ ከሆነ አባትየው በፈቃዱ ልጁን ሊቀበል ይችላል፤ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 143 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች አባትነቱን በፍርድ ያውጃል። ከእነዚህም መካከል አባትነቱን ያመነበት ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ መኖሩ፣ እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ መካፈሉ፣ እንዲሁም ፅንሱ በጠለፋ ወይም በአስገድዶ መድፈር ወቅት የተገኘ መሆኑ ይገኙበታል። ተከሳሹ በበኩሉ አስተማማኝ በሆነ የሕክምና ምርመራ አባት ሊሆን እንደማይችል ማስረዳት ይችላል።

የቀለቡ መጠን በሕግ የተቆረጠ አይደለም። ዳኛው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም አመዛዝኖ ይወስናል፤ ሁኔታው ሲለወጥም መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ቀለብ ላለመክፈል ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያስቀጣል።

ልጁን ሳይረዳ ለቆየ ወላጅ ትምህርት የሚሆን አንድ ውሳኔም አለ። በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ከደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች በመጣ ክርክር፣ አንድ አባት ለዓመታት አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ እንዲረከብ የሥር ፍርድ ቤቶች ወስነውለት ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በ2000 ዓ.ም. የሕፃኑን ደኅንነት ማስቀደም ይገባል በማለት፣ ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ውሳኔውን ሽሮታል።

የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችሉ እናቶች በደሃ ደንብ ክስ ለመክፈት ማመልከት ይችላሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።