የቤት ግንባታ በሮቦት

የቤት ግንባታ በሮቦት ማለት የመኖሪያ ቤትን ግድግዳ ወይም ሌላ ክፍል በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን መሥራት ነው። ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው ኮንክሪት ወይም ጭቃ በንብርብር እየደረደረ ግድግዳ የሚያቆም ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ (ስሪዲ ፕሪንተር) ሲሆን፣ ሁለተኛው ጡብና ብሎኬት የሚደረድር ሮቦት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በንድፍና በቁጥጥር ሥራ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታክሎበታል። ዘዴው ጊዜንና የጉልበት ወጪን በመቀነስ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት ያስገኛል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል። እስካሁን የተሠሩት ቤቶች እንደሚያሳዩት ግን ማሽኑ የሚያፋጥነው በዋናነት የግድግዳውን ሥራ ነው፤ የቤቱን ዋጋ የሚወስኑ ሌሎች ብዙ ወጪዎች አሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) እ.ኤ.አ. በ2030 የዓለም ሕዝብ 40 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ በቂ መኖሪያ ቤት እንደሚያስፈልገው ገምቷል። ይህን ፍላጎት ለማሟላት በየቀኑ 96,000 ቤቶች መሠራት አለባቸው።

ታሪክ

በማሽን ርካሽ ቤት የመሥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሙሉ ቤትን በብረት ቅርጽ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከኮንክሪት የማፍሰስ ዘዴ አቅርቦ ነበር። በኒው ጀርሲ ጥቂት ቤቶች ተሠርተውበታል፤ ነገር ግን ቅርጹ ራሱ ውድና ውስብስብ ስለነበር ዘዴው አልተስፋፋም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ኧርሸል በኢንዲያና ግዛት ኮንክሪትን በንብርብር እየደረደረ ግድግዳ የሚሠራ ማሽን ሞከረ። በ1990ዎቹ ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቤህሮክ ኮሽኔቪስ «ኮንቱር ክራፍቲንግ» የተባለውን በኮምፒውተር የሚመራ ዘዴ አዳበሩ። የዛሬዎቹ የቤት ማተሚያዎች በአብዛኛው የዚህን ዘዴ መሠረታዊ ሐሳብ ይከተላሉ።

አሠራር

መጀመሪያ የቤቱ ንድፍ በኮምፒውተር ይዘጋጃል። ፕሮግራሙ ንድፉን በስስ ንብርብሮች ይከፋፍልና ማሽኑ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ የሚሄድበትን መስመር ያወጣል። በቦታው የቤቱ መሠረት ከተሠራ በኋላ ማሽኑ ይተከላል፤ ይህም በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ፍሬም ወይም ረጅም የሮቦት ክንድ ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ቅልቅሉን በቱቦ ወደ አፈሙዙ ይገፋል፤ አፈሙዙም በተሰጠው መስመር እየሄደ ያፈሳል። ኮንክሪት ለማፍሰስ የሚቆመው የጣውላ ቅርጽ ስለማያስፈልግ እንጨትና ጊዜ ይቆጠባል።

ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው የቅልቅሉ ጠባይ ነው። ቅልቅሉ በቱቦ ለማለፍ መቅጠን፣ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ቅርጹን ይዞ ከላዩ የሚመጣውን ንብርብር መሸከም አለበት። ቶሎ ከጠነከረ ቀጣዩ ንብርብር በደንብ አይጣበቅበትም፤ ከዘገየ ግድግዳው ይጎብጣል ወይም ይደረመሳል። የአየሩ ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስም ይህን ጠባይ ይለዋውጡታል።

ጡብ ደርዳሪ ሮቦቶች የሚሠሩት በተለየ መንገድ ነው። ሃድሪያን ኤክስ የተባለው የአውስትራሊያ ማሽን በጭነት መኪና ላይ የተገጠመ ረጅም ክንድ አለው፤ ብሎኬቱን ቆርጦ ማጣበቂያ ቀብቶ በቦታው ያስቀምጣል። ክንዱ በነፋስ ሲወዛወዝ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ወዲያውኑ ያርማል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርሻ

ብዙዎቹ ማሽኖች አስቀድሞ የተሰጣቸውን መስመር ብቻ ስለሚከተሉ ሮቦት መሆናቸው በራሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላቸው አያሰኝም። አስተውሎቱ የሚገባው በሁለት ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ነው፤ ፕሮግራሙ የቦታውን ስፋት፣ የክፍሎቹን ብዛትና በጀቱን ተቀብሎ አማራጭ ንድፎችን ያቀርባል። አይከን የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ በ2024 ቪትሩቪየስ የተባለ እንዲህ ያለ ሥርዓት አስተዋውቋል። ሁለተኛው ቁጥጥር ነው፤ በካሜራና በሌሎች መለኪያዎች የሚገኘው መረጃ ተተንትኖ የንብርብሩ ጉድለት ግድግዳው ሳያልቅ እንዲታይ ያደርጋል።

የታወቁ ምሳሌዎች

በ2018 አይከን ኒው ስቶሪ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በኦስቲን ከተማ 32 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቤት ሠራ። የሕትመቱ ሥራ 47 ሰዓት ያህል የወሰደ ሲሆን፣ የታተመው ክፍል ወጪ 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች ከዚያ በኋላ በሜክሲኮ ታባስኮ ግዛት፣ ናካሁካ በተባለ ቦታ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ቤቶችን አትመዋል። በማላዊ ሳሊማ አውራጃ በ2021 የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ በ18 ሰዓት ታትሞ ተማሪዎች ገብተውበታል።

የዋጋ ጥያቄ

የሰዓቱ ቁጥር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በ2017 በፈረንሳይ ናንት ከተማ 95 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የኢኖቫ ቤት ግድግዳ በ54 ሰዓት ታተመ፤ መስኮቱን፣ በሩን፣ ጣሪያውንና የቀረውን ለመጨረስ ግን ተጨማሪ 4 ወር ገደማ ፈጅቷል። ጠቅላላ ወጪው በተለመደው መንገድ ከሚሠራ ተመሳሳይ ቤት 20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተገምቷል። ይህ ቅናሽ ጠቃሚ ቢሆንም ግድግዳው ከተሠራበት ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

መሬት፣ መሠረት፣ ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር እንዲሁም የብድር ወለድ በማተሚያው አይቀንሱም። በቴክሳስ ጆርጅታውን በሚገኘው 100 የታተሙ ቤቶች ያሉት መንደር የአንዱ ቤት መሸጫ ዋጋ ከ450,000 ዶላር አካባቢ የሚጀምር ነበር። በፋብሪካና በቴክኖሎጂ ግንባታን ለማርከስ በ2015 የተቋቋመው የአሜሪካው ካቴራም ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካፒታል ከሰበሰበ በኋላ በ2021 ለኪሳራ ተዳርጓል። በተጨማሪም የግንበኛ ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች ከጉልበት የሚገኘው ቁጠባ አነስተኛ ነው፤ ማሽኑን፣ መለዋወጫውንና ልዩ ቅልቅሉን ከውጭ ማስገባት ያንኑ ቁጠባ ሊበላው ይችላል።

ሌሎች ተግዳሮቶች

በንብርብሮች መካከል ያለው መጋጠሚያ ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለባቸው አካባቢዎች፣ ብረት ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ይከናወናል። ለሕትመት የሚሆነው ቅልቅል ትልልቅ ጠጠር ስለሌለው ከተለመደው ኮንክሪት የበለጠ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ የሲሚንቶ ምርት ደግሞ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉን ያመነጫል። በ2021 በጣሊያን ማሳ ሎምባርዳ የተጠናቀቀው ቴክላ የተባለ ቤት በአካባቢው አፈር የታተመ ሲሆን፣ ዓላማው ሲሚንቶን መተካት ነበር።

የግንባታ ሕጎችም ቀስ በቀስ እየተስተካከሉ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ኮድ በ2021 እትሙ ስለታተሙ ቤቶች የሚደነግግ አባሪ ጨምሯል።